የልጆቻችን አቀንጭራ

በአማርኛችን «ጠገበ»ን ያህል ሁለት ፊት ያለው ቃል ጥቂት ነው። ልጅ ጠገበ ሲባል እናት ደስ ይላታል፤ ጎረምሳ ጠገበ ሲባል ሽማግሌ ዱላ ያነሣል። ሁለቱን ፍቺዎች የሚያገናኛቸው መለኪያው ሆድ መሆኑ ነው። ሆዱ ሞላ፣ በቃው፣ ከዚያ ወዲያ የሚጠየቅ የለም። «በምን ሞላ?» ብሎ የሚጠይቅ ቢገኝ እንኳ «ደግሞ የምን መቀማጠል ነው!» ተብሎ ይታለፋል። በዚህ ጽሑፍ ጠቤ ከዚህ ቃል ጋር ነው። የምጣላውም ቆቦ ላይ ቆሜ ነው።

ቆቦ ሲባል በከተማ አንባቢ አእምሮ ውስጥ ሁለት ሥዕሎች ይመጣሉ። አንደኛው የድርቅ ነው፤ የ1966ቱና የ1977ቱ። በጥቅምት 1977 ዓለም በቴሌቪዥን መስኮት ያየው የኮረም መጠለያ ከአላማጣ በላይ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነበር፤ ከዚያ ቁልቁል የሚታየው ሜዳ ራያ ነው። ሁለተኛው ሥዕል የዘፈን ነው፦ ፀጉሩን ቅቤ ያጠጣ ጎበዝ፣ ወተት የሚፈስበት ሜዳ፣ ቀንዱ የረዘመ በሬ። ሁለቱም ከእውነት የተቀዱ ናቸው። ሆኖም ድርቅም ሠርግም በሌለበት በአንድ ተራ ማክሰኞ፣ አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን ፊት ምን እንደሚቀርብ ሁለቱም አይነግሩንም።

በብዙ ቤት የሚቀርበው ይህ ነው። ጠዋት ከትናንት የተረፈ የማሽላ እንጀራ ወይም ቂጣ ከሻይ ጋር፤ ቀን ቆሎ ወይም ንፍሮ፤ ማታ እንጀራ በቀጭን ሽሮ፣ ሽሮው ካለቀም በበርበሬና በጨው። አዝመራው ሲሰበሰብ እንጀራው ይበዛል፤ ክረምቱ ሲገፋ ይሳሳል። ልብ በሉ፤ የሚለዋወጠው መጠኑ ነው። ዓይነቱ በጥጋቡም በችግሩም ያው ነው።

ማሽላን ልሰድብ አልተነሣሁም። ዝናብ ሲያምፅ የሚታገሥ፣ ያንን ቆላ ያኖረ እህል ነው። ግን ሰውነት ሥጋውን የሚገነባበት ፕሮቲን ከብዙ ዓይነት ጡቦች የሚሠራ ነውና፣ ከጡቦቹ አንዱ፣ ላይሲን የሚባለው፣ በማሽላ ውስጥ በጣም ጥቂት ነው። አንድ ጡብ ሲያልቅ ግንቡ እዚያው ይቆማል፤ የተረፉት ጡቦች ቢከመሩ ዋጋ የላቸውም። የማሽላ ፕሮቲን ሲበስል ደግሞ በሆድ ውስጥ በቀላሉ አይፈጭም። በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረትና ዚንክ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አስሮ ይይዘዋል፤ የሊጡ መቡካት እስሩን በከፊል ይፈታዋል (አያቶቻችን ያለ ላቦራቶሪ የደረሱበት ጥበብ ነው)፣ በእንጀራው ላይ የምንደርበው ሻይና ቡና ግን ብረቱን መልሶ ያስረዋል። ላይሲን የሞላው በጥራጥሬ ውስጥ ነው። እንግዲህ እንጀራና ሽሮ የተጋቡት ለጣዕም ብቻ አልነበረም። ሽሮው ውሃ ሲሆን ያ ጋብቻ ይፈርሳል።

የዚህን ውጤት የጤና ሰዎች «መቀንጨር» ይሉታል። ቃሉን የቆቦ ገበሬ ከነሱ ቀድሞ ያውቀዋል። በማሽላው ማሳ ላይ የሚበቅል፣ አበባው ሲያዩት የሚያምር፣ አቀንጭራ የሚባል አረም አለ። አቀንጭራ ከመሬት በታች የማሽላውን ሥር ይይዝና ይመጠምጠዋል። ገበሬው አበባውን በሚያይበት ጊዜ ጉዳቱ በአመዛኙ ተፈጽሟል፤ አገዳው ቆሟል፣ ቅጠሉም አለ፣ ቁመቱና ፍሬው ግን ቀርቷል። በልጅ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ባለው 1,000 ቀን ገደማ ውስጥ ሥሩ ይመጠመጣል፤ ትምህርት ቤት ገብቶ ከእኩዮቹ ሲያጥርና ፊደል ሲያስቸግረው ለማየት ስንነሣ የአቀንጭራው አበባ ወጥቷል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 38 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን አገኘ። በአማራ ክልል ቁጥሩ 46 በመቶ ነበር፤ በዚያ ጥናት ከክልሎች ሁሉ የከፋው። በ2019 የተደረገው አነስተኛ ጥናት አገሪቱን 37፣ ክልሉን 41 አለ። እኔን ከነዚህ ሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት በ2016 ለዕድሜያቸው የሚገባውን ዝቅተኛ ምግብ፣ በዓይነትም በድግግሞሽም፣ ያገኙት ከ100ው 7ቱ ብቻ ነበሩ። በ2019 ወደ 11 ከፍ አለ። ስለ ቀሪዎቹ ሰማንያ ዘጠኝ ምን እንላለን? ሁሉም ድርቅ ያገኛቸው ናቸው?

አይደሉም። «ዝናብ ቢዘንብ፣ እህል ቢሞላ ነገሩ ያልቅ ነበር» የሚል ሰው እስቲ ወደ ጎጃም ይሻገር። ጤፍና በቆሎ ለአገር የሚያስጭነው ጎጃም በመቀንጨር በኩል ከድርቀኛው ወሎ ብዙም የሚሻል ሆኖ አልተገኘም። ይህን ለማመን የሚቸገር ደግሞ በዚያው የ2016 ጥናት ውስጥ ያሉትን ባለጸጎች ይመልከት፤ ሕዝቡ በሀብት በአምስት እርከን ሲከፈል በላይኛው እርከን ካሉ ቤቶች እንኳ ከ4 ልጆች አንዱ ገደማ የቀነጨረ ነው። ድህነት ነገሩን ያከፋዋል፤ ማንም አይክድም። ባለ ጎተራውን አባወራ ግን ድህነት ብሎ ሰበብ ማን ሰጠው?

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚናገሩትን ሰዎች በሁለት ጎራ አያቸዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ኩንታል ቆጣሪዎች ናቸው። ለእነሱ ረሃብ ማለት የጎደለ ኩንታል፣ ጥጋብ ማለት የገባ ኩንታል ነው። በ1997 የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሲቀረጽ የአንድ ሰው የወር ድርሻ 15 ኪሎ እህል ተብሎ ተሰላ። ጥራጥሬ በስሌቱ ውስጥ ቦታውን ያገኘው ከዓመታት በኋላ ነው። ክፋት ነበረው አልልም፤ ብዙ ቤት ከመበተን አድኗል። ነገር ግን እኛ ሁላችን፣ መንግሥትም ለጋሽም ጋዜጠኛም፣ ሰውን እንደ ጎተራ ማየት የለመድን መሆናችንን ያሳያል፤ አፉ ድረስ ከሞላ ሥራው አለቀ።

ሁለተኞቹ ግንዛቤ አስጨባጮች ናቸው። እነዚህ ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ሥዕል ይለጥፋሉ፤ ዓሣ፣ ሙዝ፣ አይብ፣ ካሮት፣ ብርቱካን በአንድ ሳህን። ከሥዕሉ ሥር እናቶች ተሰብስበው ይቀመጣሉ፤ «የተመጣጠነ ምግብ መመገብ አለባችሁ» ይባላሉ፤ ያጨበጭባሉ፤ ይሄዳሉ። በሥዕሉ ካሉት ነገሮች ግማሹን በዚያ ሳምንት በዓይናቸው ያላዩ ናቸው። የነዚህ ሰዎች መነሻ ገበሬው አያውቅም የሚል ነው። ይህን ስሰማ አንድ ታሪክ ትዝ ይለኛል፤ የከተማ ሰው ጨርሶ የማያውቀው ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገረው።

በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያ የጎደለው ጡብ፣ ላይሲን፣ በርከት ብሎ የሚገኝበት ማሽላ ይኖር እንደሆነ ብለው ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ ከ9,000 በላይ ዝርያዎችን መረመሩ። ያገኙት ሁለት ብቻ ነው። ሁለቱም የኢትዮጵያ፣ ሁለቱም የወሎ። ላይሲናቸው ከተራው ማሽላ በአንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ ዓለም የወሎን ረሃብ በፊልም ባየበት በዚያው ዓመት! እንግዲህ የረሃብ ምሳሌ ሆኖ በቀረበው ምድር ላይ፣ በዓለም ተፈልጎ የታጣው እህል በቅሎ ነበር ማለት ነው።

ገበሬው እነዚህን ማሽላዎች ምን ብሎ ይጠራቸው ነበር? አንዱን «ወተት በጉንጬ»፣ ሌላውን «ማርጩቄ»። ላይሲን የሚባል ቃል ሰምቶ የማያውቅ ሰው እህሉን ቀምሶ ወተት አለው። ምርታቸው አነስተኛ ነው፤ ፍሬያቸው የተጨማደደ፣ ለወፍም ለነቀዝም የሚመች። ስለዚህ ማሳውን ሁሉ አልሰጣቸውም፤ ከሌላው ማሽላ መሐል ጥቂት ጥቂት ይዘራና ገና እሸት ሳሉ ጠብሶ ይበላቸው ነበር። ይህ የማያውቅ ሰው ሥራ ነው? ይህን ገበሬ ካሮት በተሳለበት ወረቀት ለማስተማር የተነሣ ሰው መጀመሪያ ጫማውን አውልቆ ቢቀመጥ ይሻለዋል። በኋላ የመጡት ምክሮች ሁሉ ስለ ኩንታል ነበሩ፤ በሄክታር ስንት፣ በስንት ቀን ይደርሳል። ዝናቡ ሲያጥር የረጅም ጊዜዎቹ ነባር ማሽላዎች በአጭር ጊዜ በሚደርሱት ተተኩ፤ ይህም አማራጭ ከማጣት የመጣ ነው። ከነጎብዬ፣ ከነግራና፣ ከነሆርማት መካከል ወተት የሚል ስም የወጣለት ግን አላየሁም።

ጎብዬን ካነሣሁ አይቀር። የራያ ቆቦዋን የጎብዬን ስም የያዘው ማሽላ አቀንጭራን የሚቋቋም ነው፤ ለገበሬ የተለቀቀው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ ከጀርባው ያሉት ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለምን የምግብ ሽልማት ተሸልመዋል። ለማሽላው መቀንጨር እንግዲህ አገር ተረባርቦ፣ ምሁር ተግቶ፣ መድኃኒት ተገኘ። ለልጁስ? በሐምሌ 2007 የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተገባ፤ በ2022፣ እ.ኤ.አ. 2030 ማለት ነው፣ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ መቀንጨር እንዲያበቃ። ሰቆጣ ከቆቦ ሜዳ በስተ ሰሜን ምዕራብ ከተራራው ማዶ ነው። ቀኑ እየቀረበ ነው።

አሁን ወደ ቤት እንግባ፤ እዚህ ላይ የሚቆጣኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ።

የገበያ ቀን በማለዳ ወደ ቆቦ ከሚጎርፉት እናቶች መካከል በጭድ መሐል እንቁላል ደርድረው የሚመጡትን ተመልከቱ። እንቁላሉ በጨው፣ በቡና፣ በዘይት፣ በስኳር ተለውጦ ይመለሳል። «እናቴ፣ ምነው አንዱን እንኳ ለልጁ ብታስቀሪ?» ብትሏት፣ «ጨውስ በምን ይገዛ ልጄ?» ብትላችሁ መልስ የላችሁም። እውነቷን ነው። ግን በዚያው ቤት አባወራው ለጫቱና ለአረቄው ያወጣው ገንዘብ ጨው ይገዛ እንደነበረ ማን ይጠይቅ? ዶሮ ሲታረድ ሥጋው ለማን እንደሚደርስ፣ ለእንግዳ፣ ለአባት፣ ለታላላቆች፣ ከዚያ የተረፈው መረቅ ለማን፣ የምናውቀው ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የማዕዱ ቅደም ተከተል በጎ ሥነ ሥርዓት ነው ተብለን አድገናል፤ ታላቅን ማክበር ነው። አክብሮቱ ይኑር። ነፍሰ ጡሯ ግን መጨረሻ ላይ እንጥፍጣፊ የምትበላበት ሥርዓት አክብሮት ከተባለ የተከበረው ምንድን ነው? በብዙ የገጠር ቦታ ነፍሰ ጡር ወተትና ቅባት እንዳትቀምስ ትከለከላለች፤ ሕፃኑ ላይ ይለጠፋል፣ ራሱ ገዝፎ መውለጃው ይቸግራል ይባላል። ጽንሱ በማነስ ይጠበቃል ማለት ነው።

ጾምም ይነሣል፤ ለመተው ያህል አልተወውም። ቤተ ክርስቲያን ከ7 ዓመት በታች ያሉትን ልጆች ጹሙ አላለችም። ድስቱ ሲጾም ግን ሕፃኑም ይጾማል፤ ለአንድ ልጅ ተብሎ ዕቃ በቅባት አይነካምና። ይህ ትእዛዝ ያልሆነ፣ የማጀት ልማድ ነው፤ አንዲት ትንሽ ድስት ለብቻ በማስቀመጥ የሚፈታ። ለነገሩ በራያ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን የሚኖሩ ናቸውና፣ የማይጾመውን የጎረቤት ልጅ ገበታ ብታዩት ከዚህኛው የሚለየው በጥቂቱ ነው።

ከቤት ስንወጣ መስኖውን እናገኛለን። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ ቧንቧ ተዘርግቶ፣ ቀድሞ ዝናብ ብቻ የሚጠብቀው መሬት ሽንኩርትና ቲማቲም አወጣ። ያስመሰግናል። ሽንኩርቱ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፤ የእኛን የከተሜዎቹን ወጥ ያጣፍጣል። ምን ይመረት ሲባል የተጠየቀው ገበያው ብቻ ነው። ማሾን ተመልከቱ፤ ከሸዋ ሮቢት እስከ ቃሉና እስከ ሰሜን ወሎ ቆላ በአጭር ዝናብ የሚደርስ፣ ማሽላ የጎደለውን ላይሲን የያዘ ጥራጥሬ። እ.ኤ.አ. በ2014 በምርት ገበያው መገበያየት ጀመረ፤ ወደ እስያ ይጫናል። የሚያመርተው ቤት ግን ማሾን ከማሰሮው ጋር አላስተዋወቀውም፤ ለሽያጭ የተፈጠረ እህል አድርጎ ያየዋል። ዶላሩ ለአገር ይጠቅማል፤ ከአምስት ኩንታል አንድ ቁና ለሽሮ ቢቀር የሚጎድል ዶላር ግን አይታየኝም።

«አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ጊዜ ስለ እንቁላልና ስለ ማሾ ይወራል?» የሚለኝ ይኖራል። በጥቅምት 2013 አንበጣ ራያን ወረረ። በሐምሌ 2013 ጦርነቱ ቆቦ ገባ፤ በነሐሴ 2014 እንደገና ገባ፤ በ2015 ክረምትም የተኩስ ድምፅ አልቀረላትም። ጎተራ የተዘረፈበት፣ በሬው የታረደበት፣ ልጁ የሞተበት ሰው ፊት ስለ ላይሲን ማውራት ነውር ይመስላል። እኔ ግን በዚህ ሰበብ ሃምሳ ዓመት ጠብቀናል እላለሁ። በ66 ረሃብ ነበረ፣ በ77 ረሃብም ጦርነትም ነበረ፤ መሐሉ ላይ ደህና ዓመታት ነበሩ፤ በደህናዎቹም ልጆቹ ቀነጨሩ። ያኔ ጦርነት ያላገኘው ጎጃምም ቀንጭሮ ነበር። ክፉ ቀን የሚገለው በደህና ቀን የተዳከመውን ነው።

በከተማ ያለነውም ብንሆን የምንመጻደቅበት የለንም። የአዲስ አበባ ልጅ ጠዋት ነጭ ዳቦ በሻይ፣ ለትምህርት ቤት ብስኩት፣ ሲመለስ ለስላሳ፣ ማታ እንጀራ። ኑጉን ትተን ከባሕር ማዶ የመጣ የሚረጋ የፓልም ዘይት እናቀልጣለን። በአንድ ቤት ውስጥ አባት ስኳር በሽታ ይዞት፣ ልጅ ደሙ አንሶ፣ ሁለቱም «ጠግበው» ያድራሉ። ከቆቦው ቤት ያለን ልዩነት ምርጫው በእጃችን መሆኑ ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ጥፋቱን ያብሰዋል።

ምን ይሁን ለሚሉኝ፣ ሥዕል አልለጥፍም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የኢኳዶር ጥናት ከ6 እስከ 9 ወር ያሉ ሕፃናት ለ6 ወር በቀን አንድ እንቁላል ሲያገኙ መቀንጨር በግማሽ ያህል እንደቀነሰ አሳየ። በማላዊ ሲሞከር ግን ያ ውጤት አልተደገመም፤ እዚያ ሕፃናቱ ቀድሞውንም ዓሣ ይበሉ ነበር። የቆቦ ሕፃን ግን ዓሣም እንቁላልም የለውም። ከሰባት እንቁላል ሁለቱ ቤት ቢቀሩ ከየት እንደሚጀመር ይታያል። አሬራውንም አትናቁት፤ ያገራችን ላም በቀን ከሊትር ተኩል ብዙም አትሰጥም፤ ቅቤው ለገበያና ለፀጉር ቢሄድ እንኳ ፕሮቲኑ ከአሬራው ጋር ቤት ይቀራል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ብቅል ነው። ሕፃን ከ6 ወር በኋላ የሚሰጠው አጥሚት ውሃ የበዛበት ነው፤ ወፍራም ከሆነ ያንቀዋል ተብሎ። ሆዱ ጭብጥ ታህል ነውና በውሃ ይሞላል፤ ጠገበ ይባላል። ወፍራም ገንፎ ላይ ጥቂት የብቅል ዱቄት ቢጨመርበት ግን ብቅሉ ስታርቹን ይሰብረውና ገንፎው እህሉ ሳይቀነስ ይቀጥናል፤ ሕፃኑ ይውጠዋል። ብቅሉ በደንብ ደርቆ፣ ቡቃያው ተፈግፍጎ፣ ከተፈጨ በኋላ ከገንፎው ጋር መብሰል አለበት፤ ከላዩ የሽምብራ ወይም የማሾ ዱቄት ቢጨመር ያ የጎደለው ጡብ ተገኘ። ይህን ለማወቅ ወደ ውጭ የሚላክ ባለሙያ፣ ከውጭ የሚገባ ዱቄት አያስፈልግም። ብቅል ማብቀል የማታውቅ የወሎ እናት የለችም። በየጓዳው አለ፤ እስከ ዛሬ የሚወጣው ግን ለጠላ ነው።